ጭነቱ ሳይራገፍ

መርካቶ ውስጥ ደረጃ የማይወጣለት ነገር የለም። እህል በረንዳ ብቅ ብትሉ፣ ማኛ ነው አይደለም በሚል አንድ እፍኝ ጤፍ ግማሽ ቀን ሲያጨቃጭቅ ታያላችሁ። ሽማግሌው ሰላሁዲን ግን ዕድሜውን ሙሉ ምፅዋ ወደብ ላይ ደረጃ ሲያወጣ የኖረው ለመርከብ ነው። ቱርክ ምፅዋን በያዘበት ዘመን አያቱ፣ አባቱም ከአያቱ ተቀብሎ፣ ባለ ሸራ የእንጨት መርከቦችን እየመረመሩ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት።

ሥራው ለሚያየው ቀላል ይመስላል። መርማሪው በትንሽ መዶሻ ሳንቃውን ይቆረቁራል፤ ጤነኛ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ይታፈናል። በጠረጠረው ቦታ ወስፌ ይሰካል። ከዚያ ወረቀት ይጽፋል። አንደኛ ደረጃ የተባለ መርከብ ባሕሩን ተሻግሮ ኤደን ይሄዳል፣ ሁለተኛው ከዳር ከዳር ይላል፣ ሦስተኛው ከወደቡ አይወጣም። አባቱ ያወረሰው አንድ የማይጣስ ሕግ ነበር፦ ጭነት የያዘ መርከብ አይመረመርም። ሆዱ ተራግፎ፣ የወለሉ ሳንቃ ተነሥቶ፣ መርከቡን ከሥር የተሸከመው ግንድ መታየት አለበት። እንጨት መበስበስ የሚጀምረው ውሃ ተኝቶ በሚውልበት በውስጥ በኩል ነው።

በ1946 ዓ.ም. ሰላሁዲን ይህን ሕግ ጣሰ። ወሩ ረመዳን ነበር፤ የምፅዋ የግንቦት ሙቀት ደግሞ ጾመኛ አይምርም። ኢድሪስ የሚባለው የመርከብ አዛዥ ቡናና ቆዳውን ጭኖ ጨርሶ ነፋስ ይጠብቃል። ማራገፍ ሁለት ቀን ይፈጃል። ያም ሆኖ ኢድሪስ ራሱ፣ «እናራግፋት እንዴ ጋሼ?» ብሎ ጠየቀው። ሰላሁዲን ሳቀበት። «እቺን መርከብ ዘጠኝ ዓመት አውቃታለሁ፤ አንተ ነህ የምታሳየኝ?» አለው። ከውጭ ከውጭ ቆረቆራት፣ ጥርት ብላ መለሰችለት፣ አንደኛ ብሎ ፈረመ።

መርከቧ ዓሣ አጥማጅ እንኳ በማይፈራው ነፋስ ዳህላክ አጠገብ ሰጠመች። ኢድሪስና አሥር መርከበኞች አለቁ። ከሳምንት በኋላ ሰላሁዲን ባሕሩ የተፋውን የመርከቧን ግንድ ቁራጭ ዳርቻው ላይ አገኘና ጣቱን ጫነበት። ጣቱ እንደ ራሰ ዳቦ ውስጥ ገባ። ግራ ቀኙን አየ፤ ማንም አልነበረም። ቁራጩን አንሥቶ ወደ ባሕሩ መልሶ ወረወረው።

ሰው ደግሞ የራሱን ሒሳብ ሠራ። መርከቧ አንደኛ ናት፣ ነፋሱም ለዘብ ያለ ነው፤ እንግዲያው ኢድሪስ ተኝቶ ከድንጋይ ጋር አላተማት ተባለ። ሰላሁዲን ዐይኔ ደከመ ብሎ ሥራውን ተወ፤ መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ ጀርባ ቅመም የምትሸጥ ልጁ ካሚላ ዘንድ ገባ። ከምፅዋ መሸሹ ነበር፤ የሸሸው ግን ተከትሎት መጣ። የኢድሪስ ሚስት ሰአዳ የቆዳ ነጋዴው የጁነዲን እህት ናት፤ እሷም ወንድሟን ብላ እዚያው መርካቶ ገባች። ሰላሁዲን ገና ከሩቅ ሲያያት መንገድ ይቀይራል። ፈሪ ነበር፤ እሱም ያውቀዋል።

በሁለተኛው ዓመት ከሟቾቹ የአንዱ ወንድም ከምፅዋ መጣ። ቂም እንዳያድር ሰአዳ በባሏ ፈንታ ይቅርታ እንድትጠይቅ ሽማግሌዎች ወሰኑ። ዓርብ፣ ጁምዓ ተሰግዶ ሲያበቃ፣ ጁነዲን ካሚላ ደጅ ድረስ መጣ።

«ጋሼ፣ ወረቀቱን የጻፉት እርስዎ ነዎት። መርከቧ ጤነኛ እንደነበረች አንድ ቃል ይናገሩ፤ ጥፋቱ የባሏ መሆኑ ይለይና ነገሩ ይዘጋ። እህቴ ተቃጥላ አለቀች።»

ሰላሁዲን እምቢ ሳይል ተከተለው። በጁነዲን መጋዘን የቆዳ ክምሩ ሥር ስድስት ሽማግሌዎች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። የምፅዋው እንግዳ አንገቱን ደፍቷል። ሰአዳ ተነሥታ ቆመች፤ ሻሿን አስተካክላ፣ «ባሌ ላጠፋው ነፍስ...» ብላ ጀመረች። ሰላሁዲን ከዚያ በላይ መስማት አልቻለም።

«ቁጭ በይ ልጄ» አላት። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ሰላሁዲን ዐይኑን ከምንጣፉ ሳያነሣ ተናገረ፦ «ወላሂ፣ መርከቧን ከነጭነቷ ነው የመረመርኳት። ከሥር በስብሳ ነበር፤ ስብርባሪዋን በዚህ ጣቴ ነክቼዋለሁ። ኢድሪስ አልተኛም። ኢድሪስ ምንም አላጠፋም።»

«ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ አፍዎን ምን ዘጋው?» አለ ጁነዲን።

«ፈራሁ። ሦስት ትውልድ ያከበረው ስም በእኔ እጅ እንዳይጠፋ ፈራሁ። የኢድሪስ ስም ጠፋ።»

እንግዳው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ሰላሁዲን እርግማን ጠበቀ። ሰአዳ ብትሰድበው፣ ብትተፋበት ይቀለው ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ ቁጭ አለች።

«ኢድሪስ እናራግፋት ብሎዎት ነበር?» አለችው።

«ብሎኝ ነበር። ሳቅኩበት።»

«በየጁምዓው ዱዓ ሳደርግ» አለች፣ «የአሥሩን መርከበኞች ስም አንድ በአንድ እጠራለሁ። የሱን እዘለዋለሁ። ይህን ሁሉ ሰው ላስጨረሰ ሰው በምን አፌ ምሕረት ልለምን እያልኩ እዘለዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጋሼ። ሌላ የሚለምንለት ሰው አልነበረውም፤ እናቱም አባቱም ሞተዋል። እኔ ብቻ ነበርኩለት።»

ጁነዲን እህቱን ሊደግፋት እጁን ሲዘረጋ በክንዷ መለሰችው። ከዚያ መዳፎቿን ወደ ላይ ከፈተች። ሽማግሌዎቹም ተከትለዋት እጃቸውን ዘረጉ፤ ከቅርብ የተቀመጡት የምትለውን ሰሙ፤ የምትደጋግመው ሁለት ዓመት የዘለለችውን ያንኑ አንድ ስም ብቻ ነበር።