የአሻግሬ ምስክር ወረቀት

የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ምስጉን ለተባሉ የታክሲ ሹፌሮች ምስክር ወረቀት ሊሰጥ እንደሆነ በቴሌግራም ገጹ ላይ አነበብኩ። ከስሞቹ መካከል የአሻግሬን ሳይ ደሜ ፈላ። ባለፈው ወር ታፔላው «ቃሊቲ – ኮዬ ፈጬ» እያለ መንገድ ቆርጦ ከትምህርት ቤት የምትመለሰውን የልጅ ልጄን ልዕልትን ግማሽ ላይ ያወረዳት እሱ ነው። ልጅቷ በዝናብ ብቻዋን በእግሯ ስትመጣ ባጃጅ ገጭቷት እግሯ ተሰበረ።

በሰው ፊት መናገር እፈራለሁ። ቢሆንም ነጠላዬን አጣፍቼ ወረቀቱ ወደሚሰጥበት ስብሰባ ሄድኩ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ «ከተሳፋሪ በኩል አስተያየት ያለው አለ?» ሲል እጄን አወጣሁ።

«አሻግሬ፣ ታፔላህ ላይ የተጻፈውን እስቲ ለተሰብሳቢው ንገር» አልኩት።

«ቃሊቲ – ኮዬ ፈጬ ነዋ፣ እማማ።»

«ታዲያ ልዕልትን የት ጣልካት?»

ከኋላ አንዲት ሴት «እኔንም መንገድ ላይ ነው የጣለኝ» አለች። ከዚያ ሌላው ተነሣ፣ ከዚያም ሌላው።

ኃላፊው ምስክር ወረቀቱን ወደ ፖስታው መለሰው። እኔም አንጀቴ ራሰ፤ ግን አልበቃኝም።

አሻግሬ በር ላይ ጠብቆኝ «እማማ፣ ከሥራዬ ሊያስነሡኝ ነው እንዴ?» አለ።

«ምን በወጣህ። አንተ መንዳትህን ቀጥል። የልዕልት ጄሶ ሲፈታ አብሬያት እሳፈራለሁ። ጋቢና፣ ከጎንህ ነው የምቀመጠው፤ ጠዋትም ማታም፣ እስከ መጨረሻው ፌርማታ። ትምህርቷን ለመጨረስ ገና ሦስት ዓመት ይቀራታል።»