የእህቴ አፍንጫና የጎመን ሰላጣ

በጠርሙስ የሚሸጠውን ማዮኔዝ የፈለሰፈው ሰው ወጥ ቤት ገብቶ አያውቅም። እንቁላል፣ ዘይት፣ ሰናፍጭና ኮምጣጤ ፊቱ ተደርድረውለት ያንን ነጭ ሙጫ ገዝቶ ጥቅል ጎመን ላይ የሚያፈሰው ደግሞ ከፈልሳፊው ይብሳል። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ያበገነኝ ሙጫው ሳይሆን ታላቅ እህቴ ነበረች።

እህቴ የፋብሪካው ሠራተኞች ምግብ ቤት ዋና ወጥ ሠሪ ናት። ባለፈው ክረምት አልጋ ላይ የጣላት ትኩሳት ሲለቃት፣ የማሽተትና የመቅመስ ስሜቷን ይዞባት ሄደ። ከዚያ ወዲህ እሷ በልምድ ስታበስል፣ እኔ በዕረፍት ቀኔ እየመጣሁ ስቀምስላት ከረምን። ከሁለታችን ሌላ የሚያውቅ የለም።

"ኃላፊው ከምሳ በኋላ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ" አለች፣ አስኳሉን ከነጩ እየለየች። "ሥራውን ልለቅ ነው። የማይሸተው ወጥ ሠሪና የማያይ ሹፌር አንድ ናቸው።"

"እትዬ፣ አብደሻል? ማን ምን አለሽ? ማን ምግብሽን መለሰ?"

"ማንም። እኔው ራሴ አፈርኩ። ይልቅ ዘይቱን አምጣና ጠብ ጠብ አድርግልኝ። እንዳትቸኩል፣ ከተጣደፍክ ይለያያል።"

ከመደርደሪያው ሥር አንዱን ጠርሙስ መንጭቄ አነሳሁ። እሷ አስኳሉን ከሰናፍጭና ከጨው ጋር ትመታለች፤ የእኔ እጅ ዘይት ያንጠባጥባል፣ አፌ ይለፈልፋል። ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ሆድ የደከመች ሴት ራሷን ስታባርር ዝም ብዬ የማይ ሰው አይደለሁም። ትኩሳቱን ሰደብኩ። ኃላፊውንም ሰደብኩ፤ ምንም አላጠፋም፣ ግን ሰደብኩት።

"አንተ ቃሪያ፣ አፍህን ዝጋና አንጠብጥብ" አለች። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሜ ይኸው ነው።

ሳህኑ ውስጥ ያለው እየወፈረ፣ እየነጣ መጣ። ድንገት መምቻው ቆመ።

"ይሄ ዘይት ዓሣ ተጠብሶበታል።"

"የምን ዓሣ?" ጮህኩ። "ከመደርደሪያው ሥር ያነሳሁት አዲስ ዘይት ነው! አሁን ደግሞ በዘይቱ ልትመጪብኝ ነው?"

"አዲሱ ያለው ከላይ ነው። ከሥር ያለው ትናንት የጠበስኩበት ነው፣ አጥልዬ ያስቀመጥኩት። ዓሣ ነው የምልህ! ይገማል!"

"አይገማም! አፍንጫ የለኝም እንዴ? አንቺ ደግሞ በየት በኩል ሸትቶሽ ነው..."

አልጨረስኩትም። ጠርሙሱን አፍንጫዬ ሥር አስጠጋሁ። ዓሣ ነው፤ በመንገድ የሚያልፍ ሰው እንኳ የሚያውቀው ዓሣ። ስለፈልፍ አልፎኝ ኖሯል።

ተያየን። ሳህኑ ላይ ተደፍታ ደግማ አሸተተች።

"ውይ፣ ሲገማ!" አለች፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ። "እንዴት ደስ ይላል!"

ከዚያማ ማን ይቻላት። የሰናፍጩን ክዳን ከፍታ ሳበችውና አስነጠሳት። ኮምጣጤውን፣ ሳሙናውን፣ የዕቃ ማድረቂያውን ጨርቅ ሁሉ በየተራ አሸተተች። በመጨረሻ አንገቴን ይዛ ሸሚዜን አሸተተችና፣ "አንተማ ገላህን ታጠብ" አለች። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

የተበላሸውን ደፍታ በአዲስ አስኳልና በአዲስ ዘይት እንደገና ጀመረች። ሲያልቅ እንደ ልማዴ ማንኪያ ይዤ ብጠጋ እጄን መታችኝ። ራሷ ቀመሰች። ጣዕሙ ገና ከሩቅ ነው የሚመጣላት፣ ግን መጥቷል።

"ኮምጣጤ ያንሰዋል" አለች። ጨመረችና የተከተፈውን ጎመንና ካሮት ለወሰችበት።

ከምሳ በኋላ ኃላፊው በሩ ላይ ብቅ አለ። "እትዬ፣ የምነግርህ አለ ብለውኝ ነበር።"

እህቴ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

"አዎ። ዓሣ ለተጠበሰበት ዘይት ሌላ ዓይነት ዕቃ ይገዛልን። ወንድሜ አፍንጫ የለውም።"