አናውቅም በሉ

ተማሪ ስላላወቀ ከክፍል ሲባረር አይቻለሁ። እኔ ግን የተባረርኩት ስላወቅኩ ነው። ያባረረኝ የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ነው። አንገቱ ላይ ፊሽካ ሳያንጠለጥል ከቤቱ ስለማይወጣ ከኋላው "ፊሽካው" እንለዋለን። ፊት ለፊት ሲሆን ግን "ጋሼ" ነው፤ ማን ጆሮው እንዲጎተት ይፈልጋል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከውጭ አገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እረፍት በሆኑ ቁጥር ወደኛ ይመጣሉ። በነፃ እንግሊዝኛ ያስተምሩናል፣ ግድግዳ ይቀቡልናል፣ ከትንንሾቹ ጋር ፎቶ ይነሳሉ፣ ሲሄዱ ያለቅሳሉ። ከዚያ ሌሎች ይመጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ቀለማትንና የሰውነት ክፍሎችን አስተማሩን፤ ደስ አለን። ሁለተኛዎቹም ቀለማትንና የሰውነት ክፍሎችን አስተማሩን። ሦስተኛዎቹ መጥተው "ይሄ አፍንጫ ነው" ሲሉን አፍንጫችን ራሱ ታከተው። ግድግዳውም እንደኛው ነው። አንዱ ቡድን ቢጫ ይቀባዋል፣ ቀጣዩ ሰማያዊ፣ ደግሞ ቢጫ። ቀለሙ ከመወፈሩ የተነሳ መስኮቱ አልዘጋ ብሏል።

"ውጭ አገር ያለው ትምህርት አፍንጫ ብቻ ነው እንዴ?" አለችኝ አንድ ቀን አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ። ምላሷ ስለሚቆርጥ "ምላጭ" ነው የምንላት።

"እነሱ ምን ያድርጉ? እሱ ነው እንጂ" አልኳት።

እውነቴን ነው። እንግዶቹ ሊመጡ ሲሉ ፊሽካው ክፍላችን ይገባና በሩን ዘግቶ ያሰለጥነናል።

"ስሙ! ምንም ቢጠይቋችሁ አናውቅም በሉ። አፋችሁን ከፍታችሁ እዩዋቸው። ቀስ እያላችሁ ትንሽ ትንሽ ታውቃላችሁ። በመዝጊያው ቀን ሁሉንም ታውቃላችሁ። ከመጀመሪያው ካወቃችሁባቸው 'እነዚህማ ጎበዞች ናቸው' ብለው ሌላ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ሊሰጡን ቃል የገቡልን የጣሪያ ቆርቆሮም አብሯቸው ይሄዳል!"

ስለ ቆርቆሮው ሲያወራ ድምፁ አንጀት ይበላል። ቆርቆሮውን ግን እስካሁን የምናውቀው በወሬ ነው። ደግሞ በወረቀት የእንግሊዝኛ መምህራችን ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ራሱ ነው። እንግዶች እየተቀባበሉለት አንድ ቀን ጠመኔ ሳይነካ ደመወዙን ይበላል።

እኔ ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። እናቴ የሰው ልብስ አጥባ ስለምታሳድገን ታናናሾቼን ያዘልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ በዚህ ቁመቴ ከሚጢጢዎች ጋር ነው የምማረው። "አክስቴ" ይሉኛል፤ ሳልዳር የአንድ ክፍል ሙሉ ልጆች አክስት ሆኛለሁ። የእንግዶቹን ልብስም የምታጥበው እናቴ ናት፣ የታጠበውን የማደርሰው እኔ። በራቸው ላይ ቆሜ ከሁሉም ጋር ስቀደድ እንግሊዝኛው ሳላስበው ገባኝ። ዘንድሮ የማጠቃለያውን ፈተና ከወሰድኩ ወደ ላይ አልፋለሁ። ካልወሰድኩ ግን ዕድሜዬ ስለሚያልፍ ሁለተኛ የሚቀበለኝ የለም። ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ጋር መጋባቴ ነው።

አራተኛዎቹ ሲመጡ ክፍላችንን የያዘችው ልጅ ፀሐይ ገና ሳይነካት የምትቀላ ነበረች፤ ምላጭ ወዲያው "ቲማቲም" አለቻት። ቲማቲም የመጀመሪያ ቀን ብርቱካናማ እርሳስ አንስታ "ይሄ ምን ቀለም ነው?" አለች። ልጆቹ በሥልጠናው መሠረት አፋቸውን ከፈቱ። እኔ አላስቻለኝም።

"ኦሬንጅ ነው" አልኳት በራሷ ቋንቋ። "ካንቺ በፊት የመጣችውም በዚሁ እርሳስ ነው የጠየቀችን። ሌላ ነገር የለሽም?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቲማቲም እስከ ጆሮዋ ቀላች፣ ግን ያንኑ እርሳስ ይዛ ወደ ሌላ ልጅ ዞረች።

ወሬው ደርሶት ኖሮ በማግስቱ ፊሽካው በር ላይ ጠበቀኝ።

"ወዴት ነሽ?"

"ወደ ክፍሌ ነዋ፣ ጋሼ።"

"ዕድሜሽ ስንት ነው?"

"ከትናንት በአንድ ቀን ይበልጣል።"

"ከዛሬ ጀምሮ ተማሪ አይደለሽም። ለዚህ ክፍል ትልቅ ነሽ። ቁጭ ብለሽ ከምትለፈልፊ ለእንግዶቹ ቀለም አመላልሺ። ባልዲውን አንሺ!"

እናቴ ስትሰማ ከነእርጥብ ሽርጧ ሮጣ መጣች። ፊሽካው ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ እያያት ፀሐይ ላይ አቆማት፤ ልጆቹ ለእረፍት ወጥተው ዙሪያዋን እስኪሞሉ ድረስ። ከዚያ ብቅ አለ።

"ይማሩኝ ጌታዬ፣ ልጅ ናት" አለች።

"መጀመሪያ አፏን እጠቢያት፣ በሳሙና። ማጠብስ ታውቂያለሽ አይደል?"

ልጆች ሳቁ። እናቴ አንገቷን ደፍታ "እሺ ጌታዬ" አለች። ለራሴ ቢሆን እተወው ነበር። ያ "እሺ" ግን ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ቀረ፤ እህል በበላሁ ቁጥር ይወጋኛል።

እቤት ስንገባ "ቻይው ልጄ" አለችኝ።

"እኔ እችለዋለሁ እማ። እሱ አይችለውም እንጂ።"

ከዚያ ወዲያ ባልዲ ተሸክሜ ቢጫውን ግድግዳ ሰማያዊ ሳስደርግ ከረምኩ። እጄ ቀለም ያቀብላል፣ ጭንቅላቴ ፊሽካውን ይቀብራል። የመዝጊያው ቀን ሲቃረብ ምላጭን በመስኮት ጠራኋት።

"ፊሽካው ያሰለጠነንን በመዝጊያው ቀን ብናሳየውስ?"

"አናውቅም እንበል?"

"አፋችሁን ከፍታችሁ።"

ዓይኗ በራ። "አክስቴ፣ አንቺ እኮ ሰይጣን ነሽ!"

"የሰይጣን አክስት ነኝ። ለሁሉም ንገሪ።"

ማግባባት እንኳ አላስፈለጋትም። ጆሮው ተጎትቶ የማያውቅ ልጅ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

በቀኑ ተማሪዎቹን የሚልከው ማኅበር ኃላፊ መጡ፣ ፀጉራቸው የነጣ ሴትዮ። ፊሽካው ከረባት አስሯል፤ ፊሽካዋ ከከረባቱ ጋር ተጠላልፋበታለች። እኔ ከኋላ ባልዲዬን ይዤ ቆሜያለሁ። ቲማቲም እርሳሷን አነሳች። "ይሄ ምን ቀለም ነው?"

ጸጥ።

አፍንጫዋን ነካች። ጸጥ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው አዩዋት። እንዲያውም አንዱ አፍ ውስጥ ዝንብ ገብታ ወጣች፣ ልጁ ንቅንቅ አላለም። ፊሽካው ላብ በላብ ሆነ።

"ተናገሩ እንጂ፣ እናንተ!" አለ በጥርሱ መሀል።

"ምኑን ጋሼ? እኛ እኮ አናውቅም" አለች ምላጭ፣ ከመላእክት የተዋሰችውን ፊት ይዛ።

ሆዴ ቅቤ ጠጣ። ግን ምን ያደርጋል፣ ሴትዮዋ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠርገው ተነሱ።

"ችግሩ ይህን ያህል ጥልቅ መሆኑን አላወቅንም ነበር" አሉ። "ከእንግዲህ በእጥፍ ተማሪ እንልካለን። በእጥፍም እንረዳለን።"

ፊሽካው ይህን ሲተረጉምልን ላቡ ደረቀ። በልጆቹ ራስ ላይ አሻግሮ አየኝና ፈገግ አለ። ልቀብረው ቆፍሬ ዙፋን ነው የሠራሁለት! ያቺ ፈገግታ ናት ያሳበደችኝ። ባልዲውን ወርውሬ ወደፊት ሄድኩ።

"ተማሪ አይደለችም፣ የልብስ አጣቢዋ ልጅ ናት" አለ ለሴትዮዋ ቸኩሎ።

በእንግሊዝኛ ጀመርኩ። "ተማሪ ነበርኩ። ያባረረኝ እንግሊዝኛ ስለማውቅ ነው። እነዚህም ሁሉም ያውቃሉ። እናንተ እንዳትቀሩበት 'አናውቅም በሉ' የሚላቸው እሱ ነው።"

ፊሽካው ከመደንገጡ የተነሳ ሳቀና አስተረጎመኝ፣ እንግሊዝኛውን ወደ እንግሊዝኛ! "ስለ ደግነትዎ እያመሰገነችዎት ነው።"

"እኔም እኮ ሰማኋት" አሉት።

እርሳሱን ከቲማቲም እጅ ነጥቄ ወደ ልጆቹ ዞርኩ። "በሉ፣ የኔ ልጆች! ይሄ ምንድነው?"

"ኦሬንጅ!" የጣሪያው አቧራ ረገፈብን። አፍንጫ ስል አፍንጫ፣ ክርን ስል ክርን፣ ጉልበት ስል ጉልበት። ምላጭ ተነስታ በእንግሊዝኛ "ግድግዳው ቢጫ ነበር፣ ሰማያዊ ነበር፣ ቢጫ ነበር፣ ሰማያዊ ነው፤ እባካችሁ መስኮቱን ዝጉልን" አለች።

ሴትዮዋ ወደ ቲማቲም ዞሩ። "ታውቂ ነበር?"

"የመጀመሪያ ቀን ገብቶኝ ነበር" አለች። "ለዩኒቨርሲቲ የማቀርበው ሥራ ስለሆነ… ዝም አልኩ።" ከዚያ እያለቀሰች አየችኝ፤ ጠጋ ብዬ እንዳባብላት ነው። የወረወርኩትን ባልዲ አንስቼ ላቀብላት ምንም አልቀረኝም።

"ምን ይደረግልሽ?" አሉኝ ሴትዮዋ።

"ወደ ክፍሌ ልመለስና ልፈተን። ማንም አይምጣልን። መምህር አለን፣ እሱ ያስተምረን።"

ፊሽካውን ያኔ ባያችሁት! ግድግዳውን መሰለ፤ አንዴ ቢጫ፣ አንዴ ሰማያዊ። ሴትዮዋ እዚያው፣ ሁላችን ፊት፣ እሱ ራሱ አስተምሮን እስክንፈተን ድረስ ሰውም እርዳታም እንደማይልኩ ነገሩት።

በሳምንቱ መጽሐፍ ታቅፎ ገባ፤ እንግሊዝኛው ግን እንግዳ ከመቀበል አያልፍም። የፊተኛው ወንበር ላይ ነኝ። እናቴ ጠዋት "ቦታሽን አገኘሽ፣ አሁን ተይው" ብላኝ ነበር፤ እተወዋለሁ ብዬ ዋሸኋት። አንድ መስመር ሲያነብ እጄን አወጣለሁ። "ጋሼ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?" "ነገ እነግርሻለሁ።" ምላጭ ደግሞ ከጎኔ "ትናንትም ነገ ብለው ነበር" ትላለች። በየቀኑ ዓይኑ ቀልቶ፣ ከረባቱ ጠፍቶ፣ በዳዴ ይገባል። ትንንሾቹም ለመዱ፤ እኔ ሳወጣ እነሱም ያወጣሉ።

አንድ ቀን ደወል ሲደወል አስቀረኝ። በሩን ዘጋ።

"ልጄ" አለኝ። እንዲህ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። "ፈተናውን ሳትደክሚ እኔው አሳልፍሻለሁ። ብቻ እጅሽን አታውጪብኝ።"

ትንሽ እንዳሰብኩ መስዬ ጠረጴዛው ላይ ተደገፍኩ። ይፈራኝ ጀምሯል፤ ጣቶቹ የመጽሐፉን ጠርዝ ይልጣሉ።

"አይ ጋሼ፣ ማለፉን እኔ አልፋለሁ። እርስዎ ብቻ ያስተምሩኝ።"

"የማላውቀውንስ?"

"አጥንተው ይምጡ።"

በማግስቱ ገና ጠመኔ ሳያነሳ እጄን አወጣሁ።