ጀሶው እስኪደርቅ

የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ «ሼኩ» ይለዋል እንጂ በሕይወቱ ለማንም ሰብኮ አያውቅም። ሥራው ለተሰበረ አጥንት ጀሶ ማሰር ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት፣ በምሳ ሰዓት ከባልዲዎቹ ጀርባ ሲሰግድ አንዲት ነርስ ስላየችው ነው። ስም መውጣቱስ ባልከፋ፤ የከፋው ተጨማሪ ሥራ ይዞበት መምጣቱ ነው። የሆነ አገር ላይ አንዱ ቦምብ አፈንድቶ የፈጣሪን ስም ጠራ ተብሎ በዜና በተሰማ ቁጥር፣ በማግስቱ ጥያቄው ሁሉ እሱ ላይ ይወርዳል። የራጅ ባለሙያው ይጠይቀዋል፣ ዘበኛው ይጠይቀዋል፣ የአጥንት ሐኪሙ እንኳ እጁን እየታጠበ «እኔ የምልህ…» ብሎ ይጀምረዋል። አፈንጂውን አያውቀው፣ አገሩን ካርታ ላይ ፈልግ ቢሉት አያገኘው፤ መልስ ግን ይጠበቅበታል።

ስለዚህ መልስ አዘጋጅቷል። አጭር ነው፣ ጨዋ ነው፣ ማንንም አያስከፋም። እስልምና የሰላም ሃይማኖት ነው፣ ገዳይ ሃይማኖት የለውም፣ እኛም እንደናንተው አዝነናል። ጠያቂው ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል፤ ሼኩም ወደ ባልዲው ይመለሳል። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ እያለ በሰላም ኖሯል።

ጀሶ ሲታሰር ግን አንድ ክፉ ሰዓት አለ። እርጥቡ ጀሶ ተጠቅልሎ ካለቀ በኋላ እስኪጠና ድረስ እግሩ ቀጥ ብሎ መያዝ አለበት። ሼኩ የበሽተኛውን ውስጥ እግር ደረቱ ላይ ይደግፍና በሁለት መዳፉ ይይዘዋል። በጣት መያዝ አይሆንም፤ የጣት ጉድጓድ ኋላ ቁስል ይሆናል። ሰባት ስምንት ደቂቃ እንደዚያ ነው። ስልክ ቢጮህ አይነሳም፣ አፍንጫ ቢበላ አይታከክም። ካንቀሳቀሰው አጥንቱ ጠምሞ ይቀራል፤ ወይም ጀሶው በመጋዝ ተቀዶ እንደ አዲስ ይጀመራል። የዚያን ቀን ባልደረባው ፈቃድ ወጥቶ ስለነበር የሚያግዘው ሰው አልነበረም።

የመምህርቷ ጥያቄ የመጣው ልክ በዚህ ሰዓት ነው።

ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህርት ናቸው። ቁርጭምጭሚታቸው ተሰብሮ ልጃቸው ደግፎ አመጣቸውና የሕመም ማስታገሻ ሊገዛ ወደ ፋርማሲ ወረደ። ልጁ እንደወጣ በሩን እንዲዘጋላቸው ሼኩን ለመኑት። ብርድ ፈርተው መስሎት ዘጋው። ከምን ላይ እንደወደቁ ሲጠይቃቸው ከበርጩማ አሉት። በዚህ ዕድሜ በርጩማ ላይ ምን ያወጣዎታል እያለ እየቀለደ ጀሶውን ጠቅልሎ ጨረሰና እግራቸውን ደረቱ ላይ አስደገፈ። ያኔ ነው ሙስሊም እንደሆነ የጠየቁት። ሼኩ በሆዱ «መጣች» አለ፤ አዎ ሲላቸው ግን ስለ ዜና አላነሱም።

የነገሩት ስለ ልጃቸው ነበር። ያለ አባት ያሳደጉት አንድ ልጃቸው ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከአራት ወር በፊት ሰልሟል። መጀመሪያ አለቀሱ፣ ቀጥለው አኮረፉ፣ በመጨረሻ ፈሩ። ማስፈራቱን የጀመረችው ጎረቤታቸው ናት። በየቀኑ አንድ ጥቅስ በስልክ ትልክላቸዋለች፤ ግደሏቸው የሚል፣ አንገት የሚል። ሲያነቡት ያድራሉ። አንድ ቀን ልጁ ሥራ በሄደበት የቤቱን ቢላዋ ሁሉ ሰብስበው በፎጣ ጠቀለሉና ቁም ሣጥን ላይ ደበቁት። ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት ለመክተፍ በፈለጉ ቁጥር በርጩማ ላይ ይወጣሉ። ዛሬ ጠዋት በርጩማው ከዳቸው።

«ለሽንኩርት ብዬ» አሉና ሳቃቸው መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ጠፋ። «እንዳትቆጣኝ ልጄ። የምጠይቀው ሌላ ሰው የለኝም። ልጄ ሊገድለኝ ይችላል ወይ?»

ሼኩ ብዙ ጠያቂ አይቷል። ነገር የሚፈልገውንም፣ ወሬ የሚያሞቀውንም፣ እንዲያው አፉን የሚበላውንም ከሩቅ ይለያል። እኚህ ሴት ከአንዳቸውም አይደሉም፤ የሚጠይቁት ማወቅ ስላለባቸው ነው። ይህ ደግሞ አስደነገጠው። ቢሆንም ምላሱ የለመደችውን አደረገች፤ የተዘጋጀውን መልስ ከዳር እስከ ዳር ለቀቀችው። መምህርቷ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ተማሪያቸው ይመስል እስከ መጨረሻው አዳመጡት።

«መልሱን አይደለም የጠየቅኩህ» አሉት ሲጨርስ። «አሠራሩን አሳየኝ።»

አሠራሩን ማሳየት ጀመረ። ጎረቤቷ የላከችው ቃል የወረደው በጦርነት ጊዜ፣ ውል አፍርሰው በዘመቱ ሰዎች ላይ እንደሆነ ነገራቸው። ቀጥሎ ያለውን እንዳልላከችም ነገራቸው፤ ከነዚያው ጠላቶች አንዱ ጥበቃ ቢጠይቅህ ከለላ ስጠው፣ ደኅና ወደሚሆንበት ቦታ አድርሰው ይላል። በሃይማኖት ማስገደድ እንደሌለ፣ አንዲትን ነፍስ ያለ አግባብ ያጠፋ ሰውን ሁሉ እንዳጠፋ እንደሚቆጠር ነገራቸው። ስለ ወላጅም ነገራቸው። እናትና አባት እምነትህን ተው ብለው ቢታገሉህ በዚያ አትታዘዛቸው፣ በኑሮ ግን በመልካም ተወዳጃቸው ነው የሚለው። እያወራ ሄዶ ራሱም ሞቅ አለው። ለካ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ለካ እስከዛሬ የጠየቀው ሰው የለም።

መምህርቷ ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ፤ ግን አልለቀቁትም። ገዳዮቹ ይህን አላነበቡትም ወይ ብለው ጠየቁ። አንብበውታል አላቸው። ታዲያ እንዴት አሉ። የሚፈልጉትን መርጠው ሌላውን እንደሚተዉት፣ ሊቃውንቱ አብዛኞቹ እንደሚያወግዟቸው፣ የሚገድሉትም በብዛት ሙስሊም እንደሆነ አስረዳ። ሁሉም እውነት ነበር። መምህርቷም ሁሉንም አንድ በአንድ ተቀብለው ሲያበቁ ዓይናቸውን ተከሉበት።

«የተጻፈውን አስረዳኸኝ፣ እግዜር ይስጥህ። ጎረቤቴም የምትልክልኝ የተጻፈ ነው። እኔ አሁን የምጠይቅህ ስለ ሰው ነው። እንደዚያ የሆነ ሰው በቅርብ አይተህ ታውቃለህ?»

ጀሶ ሲጠና ይሞቃል፤ ሙቀቱ በመዳፉና በደረቱ ገባ። መሄድ አይችልም። ቢንቀሳቀስ እግራቸው ነው፤ ባይንቀሳቀስ ዓይናቸው እዚያው ፊቱ ላይ ነው። ከቀጭኑ ግድግዳ ማዶ የራጅ ባለሙያው ሲያፏጭ ይሰማል። እዚህ የሚሳል ሰው እዚያ ይሰማል፤ የሚናገርም እንዲሁ።

አይቶ ያውቃል። አንድ ትራስ ላይ አብሮት ያደገ ታናሽ ወንድሙ ነበር። መጠጥና ቁማር ትቶ ወደ መስጊድ የተመለሰ ሰሞን ቤቱ በሙሉ ተደስቶ ነበር። ቆይቶ ግን ልጁ ከእናቱ እጅ መብላት ተወ። አምስት ወቅት የምትሰግደውን እናቱን ስግደትሽ ከንቱ ነው አላት፤ ከማያምኑ ጎረቤቶች ጋር ስለምትስቅ። አንድ ጠዋት እናታቸው ሼኩን ጓዳ ጠርታ ወንድምህን ምን ነካው ብላ ጠየቀችው። እሱም ሥራ እንዳይረፍድበት ጫማውን እያሰረ፣ እምነቱ ጠንክሮ ነው፣ ደስ ይበልሽ እንጂ አላት። ሁለት ወር ሳይሞላ ወንድሙ ከቤት ጠፋ። በዓመቱ ገበያ መሃል ራሱን ከአሥራ አንድ ሰው ጋር አጠፋ። ሼኩ ከዚያ በኋላ ነው ማንም ወደማያውቀው ወደዚህ ከተማ የመጣው። ይህ ቢታወቅ ሼኩነቱ በዚያው ቀን ያበቃል፤ ሥራውም አብሮ ሊያበቃ ይችላል።

አላውቅም ማለት ይቻላል። አይዞዎት ማለትም ይቻላል። ነገር ግን አንዲት እናት ጠይቃው አይዞሽ ብሎ ያውቃል። እንዲያ ዳግም ማለት አልቻለም፤ እውነቱን መናገርም ፈራ። እውነቱን ሰምተው ያንን ልጅ ከቤት ቢያባርሩትስ? ሄዶ የሚወድቀው እነማን እጅ ላይ ነው? በሁለቱም በኩል በሩ ተዘግቶበት፣ የሰው እግር ደረቱ ላይ ታቅፎ ላብ አጠመቀው።

«ወንድሜ ነበር» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ነገራቸው። የእናቱን ጥያቄና የራሱን መልስም አልደበቀም። መምህርቷ አልጮሁም፤ እግራቸውንም አልሳቡም። ሲጨርስ እናትህስ ምን አለችህ ብለው ጠየቁት።

«ምንም አላለችኝም። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ጠይቃኝ አታውቅም።»

ልጅዎን ስለማላውቀው ዋስ ልሆነው አልችልም አላቸው። የገዛ ወንድሙን እንኳ አላወቀውም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወንድሙን ራሱን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ትቶን ይሄዳል ብለው ፈርተው ሁሉም ዙሪያውን ሲዞሩ፣ ሲንሾካሾኩ፣ ትቷቸው ሄደ። ምናልባት ቢጠይቁትም ይሄድ ነበር፤ ይህንንም አልሸሸጋቸውም።

ጀሶው ጠናና እግራቸውን ከደረቱ አውርዶ ትራስ ላይ አኖረው። ከግድግዳው ማዶ ፉጨቱ መቼ እንደቆመ አላስተዋለም። ሊወጣ ዞር ሲል መምህርቷ እጅጌውን ያዙት፤ በዚያው ቅጽበት ልጃቸው የመድኃኒቱን ከረጢት አንጠልጥሎ፣ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ገባ። ለጋ ጢም ያለው፣ ትሑት ልጅ ነው። የሼኩን ሃይማኖት ማን እንደነገረው እንጃ «አሰላሙ ዐለይኩም» አለው። ሼኩ ሲመልስ እናትየው ሁለቱን አፈራርቀው አዩ።

«ቁጭ በል፤ የምጠይቅህ አለኝ» አሉት።

ልጁ ቤት ስንደርስ አለ። እሳቸው እዚሁ፣ እሱ ባለበት አሉ። የሼኩን እጅጌ አለቀቁትም።

«እኔ ያንተን ሃይማኖት ሳልቀበል ብቀር፣ አንድ ቀን እጅህን ታነሳብኛለህ?»

ልጁ መጀመሪያ የቀለዱ መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ወደ ሼኩ ዞሮ በዓይኑ ለመነው፤ አንድ ነገር በልልኝ እንጂ፣ አንተ ታውቀው የለም ወይ የሚል ልመና ነበር። የተዘጋጀው መልስ ሼኩ ምላስ ላይ ቁጭ ብሏል። ጥርሱን ነክሶ ዋጠው።

«እማ» አለ ልጁ በመጨረሻ። «ማታ ማታ መኝታ ቤትሽን ከውስጥ ስትቆልፊ እሰማለሁ። ቁልፉን ሁለቴ ነው የምታዞሪው። ሁለተኛውን ስሰማ ነው የማለቅሰው።» ቀጥሎ እንባውን በክንዱ ጠረገና «አላነሳብሽም» አለ። «በምንም።»

መምህርቷም አለቀሱ። ወንበሩን አቅርብልኝ ግን አላሉም፤ ልጃቸውንም አላቀፉም። አሁንም እጅጌውን እንደያዙ ቀና ብለው ሼኩን አዩት። የሚጠይቁት ግልጽ ነበር። እውነቱን ነው ወይ ነበር ጥያቄያቸው።

ሼኩ ልጁን አየው። ሊያምነው ፈለገ፤ አንጀቱን በልቶታል። ወንድሙም ግን ሲያለቅስ አንጀት ይበላ ነበር።

«ነገም ይጠይቁት» አላቸው።

መምህርቷ ጥቂት አሰቡና እጅጌውን ለቀቁት።