ግራኝ የሌለበት ቤት

ባሌ ሰዓት ሠሪ ነው። ነበር ልበል መሰለኝ፤ እጆቹ መንቀጥቀጥ ከጀመሩ ወዲህ ሱቁ የሚከፈተው ለወሬ ነው። መድኃኒቱን ሁሉ ሞካክሮ አልሆን ሲለው፣ ጭንቅላት ሳይከፍቱ በድምፅ ሞገድ የመንቀጥቀጡን ምንጭ ወደሚያቃጥሉበት ሆስፒታል ላኩን። መጀመሪያ ግን ሰውየው ለሕክምናው ይሆናል አይሆንም የሚለውን ይመረምራሉ። ወንድምጋሼም አብሮን መጣ። ማን ጠራው? ማንም። የባሌ ታላቅ ወንድም ስለሆነ የታናሹም እጅ የሱ ይመስለዋል።

ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። እጅዎን ይዘርጉ፣ አፍንጫዎን ይንኩ፣ ከዚህ ኩባያ ወደዚያኛው ውኃ ይገልብጡ አለችው። ውኃው ከኩባያው ይልቅ ሱሪው ላይ ፈሰሰ። ወንድምጋሼ «ቀስ በል እንጂ» ይለዋል። ቀስ ማለት ቢችል እዚህ ምን ሊሠራ ይመጣል? ቀጥላ ራስ ቅሉን በመሣሪያ እንደሚያዩት ነገረችን፤ የአንዳንድ ሰው ራስ ቅል ድምፁን አላሳልፍም ይላል አለች። ዘወር ብዬ ወንድምጋሼን አየሁት። የሱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም።

«ለጊዜው የምናክመው አንድ እጅ ብቻ ነው» አለች። «ሌላው ወደፊት ይታያል፤ ቃል ግን አልገባም። በየትኛው እጅዎ ነው የሚጽፉት?»

«በቀኜ» አለ ባሌ።

ውሸት አይደለም። ሲፈጥረው ግራኝ ነው፤ አባቱ ግራ እጁን ከወገቡ ጋር እያሰረ፣ ወንድምጋሼ ደግሞ ማስመሪያ ይዞ አጠገቡ እየቆመ በቀኙ መጻፍ አስለመዱት። ወንድምጋሼ ዛሬም «እኔ ነኝ ያቀናሁት» እያለ ይጎርርበታል። ለመጻፉስ ተቃና። ወረንጦ ሲይዝ፣ ለዓይን የማትታይ ብሎን ሲያስር ግን ግራው ነው። ሱቁ ውስጥ ብቻውን ሲሆን ማን ይቆጣዋል? ልጆቻችንን ያሳደገው ያ እጅ ነው።

ሐኪሟ «ቀኝ» ብላ ልትጽፍ ስትል ጣልቃ ገባሁ። «ዶክተር፣ ሲጽፍማ አይቼው አላውቅም ማለት ይቀላል። የሚሠራበትን ይጠይቁልኝ። ሥራው በግራ ነው።»

«ምን ትቀባጥራለች ይቺ?» አለ ወንድምጋሼ። «እኛ ቤት ግራኝ የለም።»

«እናንተ ቤት ብዙ ነገር የለም» አልኩት።

ሐኪሟ ሁለታችንንም ዝም አሰኘችና ወንበሯን ወደ ባሌ አስጠጋች። «እጁ የእርስዎ ነው። የትኛው ቢድንልዎ ነው ወደ ሥራዎ የሚመለሱት?» እግዜር ይስጣት፣ ከዚህ በላይ እንዴት አድርጋ ትጠይቀው።

ባሌ እኔን አየኝ። ከዚያ ወንድሙን አየ። ግራ እጁን ጭኑ ሥር ወሸቀው።

«ቀኜ ይሁን» አለ።

ደሜ ፈላ። ወንድምጋሼ እቴ፣ መንገዱን ሙሉ ስለ አየሩ ያወራል።

ሕክምናው ግሩም ነው፤ አልዋሽም። ቀኙ ዳነ፤ ሾርባውን ጠብ ሳያደርግ ይጠጣል። ወንድምጋሼ እየመጣ ይጨብጠውና «አላልኩም?» ይላል። ሱቅ ውስጥ ግን ቀኙ ወረንጦውን ቀጥ አድርጎ ይይዝና ያን ይዞ ይቆማል። አይንቀጠቀጥም፤ ሥራውንም አያውቅም። የሚያውቀው ግራው ደግሞ ብሎኑን በየጥጉ ይበትነዋል። ለወራት ሲታገል ከረመና ባለፈው ሱቁን ለስልክ ጠጋኝ ሊያስረክብ መሆኑን ነገረኝ።

«ለወንድምህ እጅ ስትነሳ፣ እኛን እጅህን ነሳኸን» አልኩት። እንዲሰማው ብዬ ነው ያልኩት፤ አልዋሽም።

የልጅ ልጅ ያየ ሰው አንገቱን ደፋ።

«ይቆጣኛል ብዬ ነዋ» አለኝ።