ድልድይ የነበረው እንጨት

አባዬን ስለ እንጨት የሚያናግር ሰው ሥራ ፈትቶ መምጣት አለበት። ስለዚያ ጠቆር ያለ ቀይ እንጨት ከሆነማ ምሳውንም ይርሳው። ውሃ ውስጥ ቢጥሉት እንደ ድንጋይ ይሰምጣል፤ ምስጥ ቀርቦት ይመለሳል፤ ሚስማር ሲመቱበት የሚጎብጠው ሚስማሩ ነው። ከሞቃት አገር ጫካ ተቆርጦ የመጣ፣ የድሮ ድልድይ ተሸካሚ የነበረ ግንድ ነው። ድልድዩ ሲፈርስ አባዬ አንዱን ገዝቶ በጋሪ አስጎትቶ አመጣውና ከሥራ ቤታችን ጥግ አስተኛው። "ለደህና ነገር ነው" እያለ ማንንም አላስነካም። እኔ አብሬው የምሠራ አናጢ ሴት ልጁ ነኝ፤ እኔንም አላስነካኝ።

የመጣው ግን ደህና ነገር አልነበረም። እማዬ ልብስ ስታሰጣ አዳልጧት ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። ታክማ ቤት ስትገባ ሐኪሟ ቁርጡን ነገረን፤ በየቀኑ ካልተራመደች አልጋ ላይ ትቀራለች። እንግዲህ ይቺ ሰፈሩ ከእግሯ ፍጥነት የተነሳ "ነፋሷ" የሚላት ሴት ናት። የሠራነውን ወንበርና ጠረጴዛ ዘይት የምትቀባው እሷ ነበረች። ከሥራ ቤቱ በር አጠገብ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ እጇ ሲቀባ አፏ አባዬን ሲነተርክ ይውል ነበር። እሷ ከተኛች ወዲህ ሥራ ቤቱ ጭር አለ። እነሱ ሲጨቃጨቁ "ኧረ በፈጣሪ ተዉኝ" እያልኩ ያደግኩት ልጅ፣ ጭቅጭቃቸው ናፈቀኝ።

አባዬ ግንዱን የነካው ያኔ ነው። ከዘራ ሊሠራላት። መጋዙ ደነዘዘ፣ መሰርሰሪያው ጨሰ፣ ሰጋቱራው አፍንጫችን ገብቶ ስናነጥስ ዋልን። ሲያልቅ ግን ምን ልበላችሁ፣ ያማረ ነገር ነበር። እጀታው በእማዬ መዳፍ ልክ የተቀረጸ፣ ጫፉ ጥቁር ጎማ የለበሰ።

"ይሄ እኛን ቀብሮ ይኖራል እንጂ አይሰበርም" አላት፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ።

እማዬ ስትቀበለው እጇ ዘጭ አለ። ቶሎ ብላ ሳቀችና "እጅህ ይባረክ" አለችው። ዘጭ ማለቱን ያየሁት እኔ ነኝ። አባዬ የሚያየው ፊቷን ነበር።

ከመኝታ ቤታቸው እስከ ሥራ ቤቱ በር አንድ ጠባብ ኮሪደር አለ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ምሳ ላሙቅ ስገባ እማዬን እዚያ መሃል አገኘኋት። በግራ መዳፏ ግድግዳውን ትዳብሳለች። ከዘራው ብብቷ ስር ተወሽቆ እግሮቹን እንዳሰሩት በግ ተንጠልጥሏል። ላብ በላብ ሆናለች።

"እማዬ! ከዘራው ለመደገፊያ እንጂ ለሸክም ነው እንዴ?"

"ቀስ በይ፣ አባትሽ ይሰማሻል።"

"ይስማኛ! አንስተሽ መደገፍ ካልቻልሽ ምን ይሠራልሻል? ክሊኒኩ በር ላይ ቀላል የአሉሚኒየም ይሸጣሉ፣ ዛሬውኑ እገዛልሻለሁ።"

"የሱቅ ከዘራ ይዤ አባትሽ ፊት ልሂድ?" አለችኝ፣ ግድግዳውን ይዛ እያለከለከች። "ብትነግሪው ጡቴ ይፋረድሽ።"

ምሳውን አሙቄ ተመለስኩ፤ ለአባዬም አልነገርኩትም። እሱ ሥራ ቤት ሆኖ "ምነው እስካሁን አትመጣም? ከዘራ አላት እኮ" ይላል፤ እሷ ኮሪደሩ መሃል ደክሟት ትመለሳለች። በየቀኑ ትንሽ ቀደም ብላ መመለስ ጀመረች። አልጋው እየወሰዳት ነበር፤ እሷን ይሉኝታ ይዟት፣ እኔም ቃሏን ፈርቼ ዳር ቆሜ አያለሁ።

የገላገለን ያው ከዘራው ራሱ ነው። አንድ ቀን ከብብቷ አምልጦ ወደቀና የወለሉን ሴራሚክ ለሁለት ከፈለው። እሱ ጭረት እንኳ የለበትም። አባዬ መዶሻውን እንደያዘ ሮጦ መጣ። እማዬ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ።"

አባዬ ጎንበስ ብሎ ከዘራውን አነሳ። የጫፉን ጎማ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ ከሱቅ እንደወጣ አዲስ ነው። ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ነጩ ቀለም ላይ፣ በወገቧ ትክክል፣ ከመኝታ ቤቱ ጀምሮ የመዳፏ እድፍ ተሰልፏል። ኮሪደሩ መሃል ያልቃል።

"ይከብዳል?" አለ።

"ትንሽ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ስትሰጠኝ ፊትህን ብታየው አንተም አትናገርም ነበር።"

አባዬ እሷን ደግፎ አልጋዋ ላይ አስቀመጣትና ሥራ ቤት ተመለሰ። አኩርፏል ብዬ ተከተልኩት። የቀረውን ግንድ ጠረጴዛው ላይ ለመጫን እየታገለ ነበር።

"ያዢልኝ እንጂ፣ ምን ትገተሪያለሽ? ድልድይ የነበረን እንጨት ተሸክመሽው ሂጂ አልኳት። ሲያረጁ መጃጃል ይኸው ነው።"

ዓይኑ እንባ ሞልቶት ነበር። ሰጋቱራ ገባብኝ እንዳይል መጋዙ ገና አልተነሳም።

ቀጭን ቀጭን አድርገን ሰነጠቅነው፣ ላግነው፣ ጠርዙን አድቦለቦልነው። እኔ ቸኩዬ ሦስት ሚስማር ብመታበት ሦስቱም ጎበጡ። አባዬ ቀድሞ እየበሳ፣ ብሎኑን ሳሙና እያስነካ፣ የእማዬን እድፍ ተከትሎ የእጅ መደገፊያ አድርጎ ግድግዳው ላይ አሰረው። እድፉ ካለቀበትም አልፎ ቀጠለ። ሥራ ቤቱ በር አጠገብ ሲደርስ ግን አንድ ክንድ ያህል ጎደለ።

"አሁን አንተ አናጢ ነህ? ልክ ይሳሳትሃል?" አልኩት።

"እንጨቱ አለቀ። ምን ላድርግ፣ ልትከል?"

በማግሥቱ ጠዋት እማዬ ወጣች። እጇ እንጨቱ ላይ እየተንሸራተተ፣ እያረፈች፣ የተሰበረውን ሴራሚክ እየተራገመች መጣች። መደገፊያው ሲያልቅ ቆመች። አባዬ እዚያ ቆሞ ይጠብቃታል፣ እጁን ዘርግቶ።

"አለቀ?" አለችው።

"አለቀ። ከዚህ ወዲያ እኔ ነኝ።"

እጁን ያዘች፤ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ብዙም ሳይቆይ "ይሄን ወንበር ማን ነው እንዲህ ያበላሸው?" ስትል ሰማሁ፤ አባዬ ደስ ብሎት መልስ መስጠት ጀመረ።

እኔ ፍቅፋቂ እየጠረግኩ ነበር። ጠረጴዛው ስር፣ ከዘይቱ ጣሳ ኋላ፣ መጥረጊያዬ አንድ ነገር ነካ። ሳወጣው ያ ቀይ እንጨት ነው። አንድ ክንድ ያህላል። ተልጎ፣ ተድቦልቡሎ፣ ብሎኑ የሚገባበት ሁሉ ተበስቶ አልቋል።

ልጮህበት ዞር አልኩ። አባዬ የእማዬን እጅ እስካሁን አልለቀቀም፤ እሷም በአንድ እጇ እየቀባች ትነተርከዋለች። ቁራጩን ወደ ቦታው መለስኩና ሰጋቱራ አለበስኩት።