ጀርባሽን ለማየት

አባቷ ዕድሜውን በሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ስለሆነ ዓለምን የሚመዝነው በመሪና በፍሬን ነው። የሴት ልጁ ሥራ፣ የጀልባ ቀዘፋ ውድድር፣ ግን በዚህ ሚዛን አልመዘን አለው። ቀዛፊ ጀርባውን ለመድረሻው ሰጥቶ ነው የሚሄደው፤ የሚያየው የተነሣበትን እንጂ የሚሄድበትን አይደለም። ጀልባዋን ባየ ቁጥር «ስፖኪዮ እንኳ የለውም እኮ» ይላል። ልጁንም «ኋላ ማርሽ» ብሎ ሰየማት፤ ሰፈሩም ወዲያው ተቀበለው።

ኋላ ማርሽ አገሯን ወክላ ያልቀዘፈችበት ውሃ የለም ማለት ይቻላል። ሜዳሊያዎቿ ሳሎኑን ሞልተውታል። መዳፏ ከመጠንከሩ የተነሣ ክብሪት ይጫርበታል እያለ አባቷ ለእንግዳ ያወራል፤ ኩራቱን መደበቅ አይሆንለትም። ውድድር ላይ ግን ድርሽ አይልም። ልጅ ሳለች አንዴ መጥቶ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ቆሞ አይቷት፣ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በጠራችው ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ «ጀርባሽን ለማየት ነው የምመጣው?» እሷም ፊቱ ትስቃለች፤ ውስጧ ግን ይቃጠላል። ሥራዬን ንቆት ነው ብላ ካመነች ቆየች።

አሁን ትከሻዋ አልታዘዝ እያላት ነው። የዘንድሮው የዓለም ሻምፒዮና የመጨረሻዋ እንዲሆን ወሰነች፤ ዕድል ሆኖም ውድድሩ እዚሁ ከተማቸው ሐይቅ ላይ ተዘጋጀ። «የመጨረሻዬ ነው አባዬ። ባትመጣም አልቀየምህም» ብላ ዋሸችው። እሱም «እናያለን» አለ። በእሱ አፍ ደግሞ «እናያለን» ማለት አብዛኛውን ጊዜ «አይሆንም» ማለት ነው።

የፍጻሜው ዕለት ጀልባዋን ወደ ውሃ ከማውረዷ በፊት ወደ ተመልካቹ ሰገነት አንጋጠጠች። ታላቅ እህቷ ከነባሏ ከነልጆቿ ተደርድራለች፤ ለአባታቸው በያዘችው ወንበር ላይ ግን ቦርሳዋ ተቀምጧል። ኋላ ማርሽ ደውላ ስትጠይቃት፣ እህቷ አባታቸው በጠዋት ከቤት መውጣቱን፣ ስልኩንም መዝጋቱን ነገረቻት። ነገር የማያበዛው አሰልጣኟ ፊቷን አየና፣ ስትቀዝፍ ዳር ዳሩን የሚከተልባትን ብስክሌቱን በአንድ እጁ እየገፋ፣ መቅዘፊያዎቿን አቀበላት።

መነሻው ያለው በሐይቁ ሌላኛው ጫፍ ነው፤ እስከዚያ ቀዝፋ ደረሰች። እዚያ ከዳኞችና ከሠራተኞች በቀር ሰው የለም፤ ምን ሊያይ ይመጣል? አንድ ሠራተኛ ውሃው ላይ በተዘረጋው መረማመጃ በሆዱ ተኝቶ የጀልባዋን የኋላ ጫፍ ያዘላት። ትንፋሿን ሰብስባ ቀና አለች።

ከሠራተኛው ጀርባ፣ ዳርቻው ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ተጣጣፊ ወንበር ዘርግቶ ተቀምጧል። የለበሰው የድሮ የሥራ ጃኬቱን ነው። ስታየው ተነሣና፣ ሾፌሮች መንገድ ላይ ሲተላለፉ እንደሚያደርጉት፣ አንድ እጁን ብቻ ከፍ አደረገ።

አረንጓዴው መብራት በራ። ጎትታ ለቀቀች፣ ጎትታ ለቀቀች። አባቷ ከፊቷ ነው። እየራቀች ስትሄድ እሱም እያነሰ ሄደ፤ ውሃው ጠርዝ ድረስ ወርዶ ቆመ። ትከሻዋ ሲነድ እሱን አየች። ጃኬቱ ከዳርቻው ቀለም ጋር ሲቀላቀልባት እንኳ የት ጋ እንደቆመ ታውቅ ነበር። ከኋላዋ ጩኸቱ ሲበረታ መድረሷን አወቀች፤ አራተኛ ወጣች። ሜዳሊያው ለጥቂት አመለጣት።

እህቷ ልታጽናናት እየሮጠች ስትመጣ፣ እሷ የአሰልጣኙን ብስክሌት ነጥቃ በዳርቻው መንገድ እየከነፈች መነሻው ጋ ደረሰች። አባቷ ወንበሩን አጥፎ ቆሞ ይጠብቃል። ውጤቱን የነገረው የለም።

«ስንተኛ ወጣሽ?»

«አራተኛ።»

ራሱን ነቀነቀ። ልጅ ሳለች መጨረሻው ላይ ቆሞ ጉሮሮው እስኪዘጋ ቢጠራት አንዴም ዞር እንዳላለች፣ ያኔ ከጀርባዋ በቀር ምንም እንዳላየ ነገራት። ቀዘፋ ላይ ያለ ሰው አንገቱን እንደማያዞር የገባው ቆይቶ ነው። የገባው ለት ደግሞ እሷ ባሕር ማዶ ነበረች፤ ኋላም አፉ ያቺኑ የ«ጀርባሽን» መልስ ለመደና በዚያው ቀረ።

«ሸኚ መነሻው ላይ ነው የሚቆመው» አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሸኚውን በስፖኪዮ ሳየው ኖሬ፣ ላንቺ ጊዜ ጠፋኝ።»

እንባዋ መጣ፤ አልከለከለችውም። «እስከ መጨረሻው አየሁህ እኮ አባዬ።»

እሱም ዓይኑን በጃኬቱ እጅጌ ጠረገና ብስክሌቱን ከእጇ ተቀበላት። ወንበሩን ከኋላው ላይ ጭኖ ጥቂት ገፋው።

«እኔ ደግሞ» አለ፣ «ውድድር ጨርሰሽ ስትመጪ ፊትሽን ያየሁት ገና ዛሬ ነው።»